ነባር የክፍት ምንጭ ማኅበረሰብ ትንሽ አዲስ ፕሮጀክትን የሚደግፍበት የአሠራር መመሪያ

በትልልቅ የክፍት ምንጭ ማኅበረሰቦች ውስጥ (ማለትም ማንም እንዲያየው፣ እንዲለውጠውና እንዲያሠራጨው የተፈቀደ ሶፍትዌር በጋራ በሚሠሩ ማኅበረሰቦች ውስጥ) ኃላፊነት የተሰጣቸው ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ «አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚሠራው ትንሽ ፕሮጀክት ድጋፋችንን ጠይቋል፤ ልንረዳው እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» ይህ መመሪያ ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተጻፈ ነው። የተጻፈውም ለደጋፊው ወገን ነው፤ ማለትም የራሳችሁ የኮድ ማከማቻ (የፕሮግራም ኮድ ከለውጥ ታሪኩ ጋር የሚቀመጥበት ቦታ)፣ የአባላት ደንብ፣ አዲስ ዕትም የምታወጡበት ሥርዓትና የተወሰነ ገንዘብ ላላችሁ ማኅበረሰቦች ነው።

ትንሽ ፕሮጀክት በጣም የሚያጥረው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጊዜ ነው። ሰርቨርም ሆነ ገንዘብ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የተመሠረቱት አንድ ስሙ የታወቀ ሰው፣ ለታወቀ ጊዜ፣ ለታወቀ ሥራ በመመደቡ ላይ ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፦ ሁለት ሰዎች ለሊብሬኦፊስ የጽሕፈት ፕሮግራምና ለፋየርፎክስ የድረ ገጽ ማሰሻ የሚሆን የአማርኛ ፊደል አራሚ መዝገበ ቃላት እየሠሩ ነው እንበል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ሀንስፔል የተባለውን ፊደል አራሚ ስለሚጠቀሙ፣ አንድ ጊዜ በትክክል የተሠራ መዝገበ ቃላት ለሁለቱም ያገለግላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ዋና አማካሪና አንድ ተተኪ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ለስድስት ወር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት መስጠት የሚችሉ።
• ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የጽሑፍ ስምምነት።
• ንግግሩ ተመዝግቦ የሚቀርበት ለሁሉም ክፍት የሆነ መነጋገሪያ፤ የኢሜይል ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል።
• ምንም ተጨማሪ ነገር ያልተጫነበት የሙከራ ኮምፒውተር ወይም ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር)።
• የሶፍትዌር ፈቃዶችን ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው፤ የሕግ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም።
• የይለፍ ቃሎችና የመፈረሚያ ቁልፎች (ዕትሙ በእርግጥ ከፕሮጀክቱ መምጣቱን የሚያረጋግጡ ዲጂታል ቁልፎች) ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚቀመጡበት ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ።

እርምጃ 1፦ ከመርዳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ

ፕሮጀክቱን ለሚመሩት ሰዎች አራት ጥያቄ አቅርቡላቸው። አብዛኛውን ጊዜያችሁን የሚበላው ምንድን ነው? እንዲለወጥ የማትፈልጉት ነገር የቱ ነው? አንዳችሁ ለአንድ ወር ብትታመሙ አዲስ ዕትም ማውጣት የሚችል ሌላ ሰው አለ? ከአንድ ዓመት በኋላ ፕሮጀክቱ የት ደርሶ ማየት ትፈልጋላችሁ?

ይህ እርምጃ የሚያስፈልገው ደጋፊው ሁልጊዜ ባለው ነገር መርዳት ስለሚቀናው ነው። ሰርቨር ያለው ሰርቨር ይሰጣል፤ ፕሮግራመር ያለው ኮድ ይልካል። የመዝገበ ቃላቱ ሠሪዎች ግን የሚቸገሩት የተጠቃሚዎችን ጥያቄ በመመለስ ከሆነ፣ የተላከላቸው ኮድ ሌላ የሚገመገም ሥራ ይሆንባቸዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ በተለይ አትዝለሉት፤ በኋላ የሚነሱ ጠቦች ብዙዎቹ ከእርሱ ይመነጫሉና።

እርምጃ 2፦ የግንኙነቱን ዓይነት ወስኑ

ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፦ ፕሮጀክቱ ባለበት ይቀመጣል፣ ማኅበረሰቡ እውቅናና ምክር ይሰጠዋል። ለሊኑክስ ኮምፒውተሮች የዴስክቶፕ ገጽታ የሚሠራው የኖም ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው ኖም ሰርክል የተመሠረተው በዚህ መንገድ ነው፤ ተቀባይነት ያገኘ አፕሊኬሽን የግድ የኮድ ማከማቻውን ወደ ኖም እንዲያዛውር አይጠየቅም፣ ሠሪዎቹ ግን የኖም ፋውንዴሽን አባል ለመሆን ብቁ ይሆናሉ። ሁለተኛው የቤተሰብነት መንገድ ነው፦ ሌላው የዴስክቶፕ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ የኬዲኢ ማኒፌስቶ (የመርሆ መግለጫ) የፕሮጀክቱ ኮድ ሁሉም የኬዲኢ አባላት መጻፍ በሚችሉበት ማከማቻ ላይ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው የአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ኢንኩቤተር (የአዳዲስ ፕሮጀክቶች ማሳደጊያ) መንገድ ነው፦ አዲሱ ፕሮጀክት በአማካሪዎች እየታገዘ የፋውንዴሽኑን አሠራር ይለማመዳል፣ ሲበቃ ራሱን የቻለ የአፓቺ ፕሮጀክት ሆኖ ይወጣል።

የትኛውን እንደምትመርጡ ካላወቃችሁ በቀላሉ ጀምሩ። ከቀላል ወደ ጥብቅ ግንኙነት መሸጋገር በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ የተዛወረን የኮድ ማከማቻ፣ የተላለፈን ስምና የተለወጠን ፈቃድ ወደነበረበት መመለስ ግን ብዙ ሰው ያስቀይማል። የመረጣችሁትን በአንድ ገጽ ስምምነት ላይ አስፍሩ፦ ማን ምን ያደርጋል፣ እስከ መቼ፣ የፕሮጀክቱ ስምና ዶመይን የማን ሆኖ ይቀራል፣ አንዱ ወገን መለየት ቢፈልግ ምን ይደረጋል።

እርምጃ 3፦ አማካሪውን በስም መድቡ፤ የመገናኛውንም ጊዜ አስሉ

«ማኅበረሰባችን ይረዳችኋል» የሚል ቃል ማንንም አይረዳም፤ ሁሉም ሌላው ይመልሳል ብሎ ያልፈዋልና። አንድ ሰው መድቡ፣ ተተኪም አዘጋጁ፤ የሁለቱንም ስም ለፕሮጀክቱ አሳውቁ። በአፓቺ ኢንኩቤተር አዲስ የገባ ፕሮጀክት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል። ይህን ምጣኔ ብትከተሉ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ችግሩ ብዙ ስለሆነ ቅርብ ክትትል ይፈልጋል፣ በኋላ ግን ሪፖርቱ ራሱ ሸክም እንዳይሆን ይራራቃል። ሪፖርቱ ከአሥር መስመር አይለፍ።

አማካሪውና ፕሮጀክቱ በተለያየ አገር ካሉ ሰዓትና ቀንን በጥንቃቄ ጻፉ። አዲስ አበባ ያለ ሰው «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲል በርሊን ያለው አማካሪ ሌሊት 3፡00 ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ የተባለው ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት 6፡00 ነው። ስለዚህ ቀጠሮን ሁልጊዜ በዚሁ ዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ጻፉ፣ ቀኑንም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ከዚህም በላይ ውሳኔ ሁሉ በጽሑፍ እንዲያልቅ አድርጉ፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ ሰው በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ግማሹን ሳይሰማ «እሺ» ብሎ ሊወጣ ይችላል።

እርምጃ 4፦ ፈቃድና ባለቤትነትን መርምሩ

ይህን ከማንኛውም የኮድ ሥራ በፊት ጨርሱ። በይፋ የተቀመጠ ኮድ ሁሉ ክፍት ምንጭ አይደለም፤ የፈቃድ ፋይል ከሌለው የደራሲው መብት እንደተጠበቀ ነው፣ ሌላው ሰው ሊያሠራጨው አይችልም። የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ተመልከቱ።

ሀ) በዋናው ማውጫ ላይ የፈቃድ ፋይል አለ?
ለ) ኮድ ያበረከቱት ሁሉ ይታወቃሉ? ፈቃድ መቀየር ካስፈለገ የእነርሱ ስምምነት ያስፈልጋል።
ሐ) ከሌላ ቦታ የተወሰዱ ፋይሎች ፈቃዳቸው ከፕሮጀክቱ ፈቃድ ጋር ይስማማል? ለምሳሌ በአፓቺ 2.0 ፈቃድ የወጣ ኮድ ጂፒኤል በተባለው ፈቃድ ሦስተኛ ዕትም ከወጣ ኮድ ጋር ሊዋሃድ ይችላል፤ በጂፒኤል ሁለተኛ ዕትም ብቻ ከወጣ ኮድ ጋር ግን አይችልም።
መ) ኮድ ያልሆኑት ነገሮች፣ ማለትም ፎንቶች፣ ሥዕሎች፣ የቃላት ዝርዝሮች ከየት መጡ?

ማስጠንቀቂያ፦ በቋንቋ ፕሮጀክቶች ላይ አደጋው ብዙ ጊዜ «መ» ላይ ነው። የቃላቱ ዝርዝር መብቱ ከተጠበቀ የታተመ መዝገበ ቃላት ያለ ፈቃድ የተቀዳ ከሆነ፣ ኮዱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ማሠራጨት አይቻልም። ምንጩ ካልታወቀ ዝርዝሩን አውጡት፤ ፈቃዳቸው ከታወቀ ጽሑፎች እንደ አዲስ እንዲሰበሰብ እርዱ። ይህን ሥራ ለፕሮጀክቱ ብቻ አትተዉት፤ ነባር ማኅበረሰብ ከሌላው የበለጠ የሚያውቀው ጉዳይ ይኼው ነው።

እርምጃ 5፦ በባዶ ማሽን ላይ ራሳችሁ ጫኑት

አማካሪው ሊኑክስ ብቻ የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን ከፍቶ፣ የፕሮጀክቱን መግቢያ ጽሑፍ ብቻ እየተከተለ ፕሮግራሙን ለመጫን ይሞክር። ማንንም አይጠይቅ፤ የራሱንም እውቀት አይጨምር። የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ፣ የሰጠውን ትዕዛዝና የወጣለትን የስሕተት መልእክት እንዳለ ገልብጦ ይያዝ። ሲጨርስ ዝርዝሩን ለፕሮጀክቱ ይላክ፤ ማስተካከያውን ግን ራሱ አይጻፈው።

የመዝገበ ቃላቱን ምሳሌ እንውሰድ። ሀንስፔል ሁለት ፋይል ይፈልጋል፦ አንዱ የቃላቱ ዝርዝር፣ ሌላው የቅጥያ ሕጎቹ ናቸው። በሕጎቹ ፋይል ላይ የፊደል ኮዱ ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝን ፊደል ጨምሮ የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት የሚይዝ ኮድ) መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። ያ መስመር ከጎደለ ሀንስፔል ፋይሉን የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ኮድ አድርጎ ይወስደዋል፤ ውጤቱም በትክክል የተጻፈ አማርኛ ሁሉ በቀይ ይሰመርበታል። ሠሪዎቹ በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል የተሟላ ስለሆነ ችግሩን ላያዩት ይችላሉ፤ በማከማቻው ላይ ያለው አሮጌ ቅጂ መሆኑን የሚያጋልጠው ባዶው ማሽን ነው።

ይህ እርምጃ ከሁሉም የላቀ ጥቅም እንዳለው አምናለሁ። ፕሮጀክቱን ለወራት የኖረበት ሰው እንደ አዲስ ሰው ማየት አይችልም፤ እናንተ ግን ይህ እይታ ያላችሁ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስለሆነ በሌላ ሥራ አታባክኑት።

እርምጃ 6፦ ስትገመግሙ የአጻጻፍ ልማድንና የፕሮጀክቱን እውቀት ለዩ

የእናንተ ገምጋሚዎች ስለ ኮድ ብዙ ያውቃሉ፤ ፕሮጀክቱ ስለሚሠራበት ጉዳይ ግን ከፕሮጀክቱ ሰዎች ያነሰ ሊያውቁ ይችላሉ። የግዕዝ ፊደል የማያነብ ገምጋሚ በቃላቱ ዝርዝር ላይ «ሠራ» እና «ሰራ» ተከትለው ሲያይ፣ ወይም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንድ ትርጉም መግባታቸውን ሲሰማ፣ «ድግግሞሽ ነውና አንዱ ይሰረዝ» ሊል ይችላል። ሁለቱንም መቀበል ወይም አንዱን ብቻ ማጽደቅ ግን የፊደል አራሚው ዋና ውሳኔ ነው፤ የሚወስኑትም ፕሮጀክቱን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። እንዲሁም «ስላልሰበረችው» የሚል አንድ ቃል ከፊትም ከኋላም ቅጥያ ተደራርቦበት የሚመሠረት በመሆኑ፣ የአማርኛ ቅጥያ ሕጎች ፋይል ከእንግሊዝኛው በጣም ቢረዝም የሚያስገርም አይደለም፤ ርዝመቱ ብቻውን የደካማ ሥራ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ስለዚህ እያንዳንዱን አስተያየት ከሦስት ዓይነት በአንዱ ምልክት አድርጉበት፦ «ካልተስተካከለ አይለቀቅም»፣ «ቢስተካከል ይሻላል»፣ «ጥያቄ ነው»። ለምሳሌ «ይህ ለምን ሁለት ጊዜ ገባ? አጥፉት» ከማለት ይልቅ፣ «ጥያቄ ነው፤ እነዚህ ሁለት መስመሮች ለእኔ አንድ ይመስሉኛል፤ ልዩነት ካላቸው በሰነዱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልን ቀጣዩ ገምጋሚም አይሳሳትም» ብላችሁ ጻፉ። ምልክቱ የሚያስፈልገው አዲስ ሰው ከትልቅ ማኅበረሰብ የመጣን አስተያየት ሁሉ እንደ ትዕዛዝ ስለሚቆጥር ነው። በአንድ ጊዜም ሠላሳ አስተያየት አትላኩ፤ መጀመሪያ የሚያግዱትን ብቻ ላኩ።

እርምጃ 7፦ የመጀመሪያውን ዕትም እነርሱ ያውጡት

ልምድ ያለው አማካሪ ሥራውን በአንድ ሰዓት ሊጨርሰው ይችል ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ራሱ ካወጣው ሁለተኛውም ዕትም እርሱን ይጠብቃል። የፕሮጀክቱ ሰው ትዕዛዞቹን ይስጥ፣ አማካሪው አጠገቡ ሆኖ ይመልከት፤ የተደረገውም ሁሉ እየተጻፈ የአወጣጥ ዝርዝር ይሁን።

ለማጣሪያ ሁለት የተፈተኑ ልማዶች አሉ። በአፓቺ አንድ ዕትም ለመውጣት ቢያንስ የሦስት ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው አባላት የድጋፍ ድምፅ ይፈልጋል፣ ድጋፉም ከተቃውሞው መብለጥ አለበት፤ ድምፅ መስጫው እንደ ደንቡ ለ72 ሰዓት ክፍት ይሆናል፣ ይህም በየትኛውም የሰዓት ቀጣና ያለ ሰው እንዲደርስ ያስችላል። በኢንኩቤተር ያለ ፕሮጀክት ዕትሙን ሲያወጣ ገና በልምምድ ላይ መሆኑን በፋይሉ ስምና በማስታወቂያ ይገልጻል፤ ተጠቃሚው ምን እንደሚጭን እንዲያውቅ ነው። በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሥርዓተ ክወና በሚያዘጋጀው በዴቢያን ማኅበረሰብ ደግሞ የማስገባት መብት የሌለው ሰው ያዘጋጀውን ጥቅል (ለመጫን የተሰናዳ ፕሮግራም) መብት ያለው አባል መርምሮ፣ በራሱ ቁልፍ ፈርሞ ያስገባለታል። በኋላ ያ ሰው «የዴቢያን ሜንቴነር» ሲሆን የተፈቀዱለትን ጥቅሎች ብቻ ራሱ ማስገባት ይችላል። እንዲህ መብትን በደረጃ መስጠት ከሁሉም ወይም ከምንም የተሻለ ነው።

እርምጃ 8፦ ቁልፎችን ከአንድ ሰው በላይ አድርጉ፤ ነገር ግን አትቸኩሉ

የዶመይን፣ የማከማቻና የመፈረሚያ መብት የማን እጅ ላይ እንዳለ ዝርዝር አውጡ። በአንድ ሰው ብቻ የተያዘ ነገር ካለ፣ ያ ሰው ቢጠፋ ፕሮጀክቱ ይቆማልና ለሁለተኛ ሰው አጋሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለተኛውን ሰው በጥድፊያ አትምረጡት። እ.ኤ.አ. በ2024 በኤክስዚ የመጭመቂያ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ዕትሞች ውስጥ የተገኘው የጓሮ በር (ሰርጎ ገብ ሳይታይ የሚገባበት ስውር መግቢያ) የገባው፣ ለዓመታት ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታ ባተረፈ ሰው እጅ ነው። ከዚያ በፊት ፕሮጀክቱን ብቻውን በበጎ ፈቃድ ይጠብቅ የነበረው ሰው በደከመበት ወቅት፣ መብቱን እንዲያጋራ በማይታወቁ ሰዎች በይፋ ግፊት ይደረግበት ነበር። ችግሩን ያገኘው የፖስትግሬስኪውኤል የመረጃ ቋት ፕሮግራመር አንድሬስ ፍሮይንድ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ መንገድ) ሲገባ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ በመመርመሩ ነው። ለእናንተ ከዚህ የሚወጣው ተግባር ሁለት ነው። አንደኛ፣ በፕሮጀክቱ ሰው ላይ ግፊት ሲበዛበት አማካሪው በይፋ ጣልቃ ገብቶ «ይህ ውሳኔ ጊዜ ይፈልጋል» ይበል። ሁለተኛ፣ የሚሠራጨው ፋይል በማከማቻው ላይ ካለው ኮድ በቀጥታ መሠራቱን አረጋግጡ፤ በኤክስዚ የጥቃቱ ማስነሻ የተገኘው በሚሠራጨው ጥቅል ውስጥ እንጂ በኮድ ማከማቻው ላይ አልነበረም።

እርምጃ 9፦ ገንዘብ ከሰጣችሁ መንገዱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ

ትንሽ ፕሮጀክት የራሱን ድርጅት ማቋቋም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከዴቢያን ጋር ተያይዞ የተቋቋመው ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት የሌሎች ፕሮጀክቶችን ገንዘብና ንብረት ይይዛል፤ ለአገልግሎቱ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 5 በመቶ ይወስዳል። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ማኅበረሰባችሁ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ግንኙነት ካለው ፕሮጀክቱን አስተዋውቁት።

የገንዘብ መጠን ከመናገራችሁ በፊት ግን ክፍያው ፕሮጀክቱ ባለበት አገር መድረስ መቻሉን ጠይቁ። በኢንተርኔት የሚደረጉ የክፍያ መንገዶች በሁሉም አገር አይሠሩም፤ ኢትዮጵያ ያለ ሰው በእነርሱ ገንዘብ መቀበል ሊያስቸግረው ይችላል። አማራጩ የሰርቨሩንና የዶመይኑን ወጪ በቀጥታ መክፈል፣ ወይም የጉባኤ የጉዞ ትኬት ራሳችሁ መቁረጥ ነው።

እርምጃ 10፦ ሰው ላኩላቸው፤ ሰልፍ ግን አትላኩ

አስተዋጽኦ አድራጊ ለማግኘት የእናንተ ስም ይጠቅማል። አዳዲስ ሰዎች እየተከፈላቸው በክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ላይ በሚሠሩበት በጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ ለምሳሌ የፓይተን ሶፍትዌር ፋውንዴሽን (የፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድርጅት) ብቻቸውን ማመልከት ለሚከብዳቸው የፓይተን ፕሮጀክቶች ጥላ ሆኖ ያመለክታል። ለትርጉም ሥራ ደግሞ ዌብሌት የተባለው የትርጉም መሣሪያ ለነጻ ሶፍትዌሮች በነጻ የሚሰጠውን አገልግሎት ጠቁሟቸው።

በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያመጣ ዘመቻ ግን ፕሮጀክቱ ሳይፈቅድ አታካሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰዎች በኦክቶበር ወር ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች እንዲያበረክቱ የሚያነሣሣው የሀክቶበርፌስት ዘመቻ በርካታ ፕሮጀክቶችን ጥቅም በሌላቸው የለውጥ ጥያቄዎች (ኮዱ እንዲህ ይለወጥ በሚሉ ሐሳቦች) በማጥለቅለቁ፣ አዘጋጆቹ በዚያው ወር ፕሮጀክቱ ራሱ ካልተስማማ እንዳይካተት ደንቡን ቀይረዋል።

እርምጃ 11፦ የመለያያ ቀን አክብሩ

ስድስት ወር ሲሞላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የመጨረሻው ዕትም ያለ አማካሪው እርዳታ ወጥቷል? ከወጣ፣ የአማካሪነቱ ሥራ አልቋልና በይፋ ዝጉት። ካልወጣ፣ የጎደለውን ለይታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አራዝሙ። ሥራው ከቆመ ደግሞ አፓቺ እንደሚያደርገው ፕሮጀክቱን በክብር አሰናብቱት፦ ማከማቻው ለንባብ ብቻ ይሁን፣ መግቢያ ጽሑፉ ላይ ሥራው መቆሙና ቀኑ ይጻፍ፣ ኮዱም ወስዶ መቀጠል ለሚፈልግ ሰው ክፍት ይቆይ።

የተለመዱ ስሕተቶች

የራስን መሣሪያ መጫን። ፕሮጀክቱ በሚያውቀው የኮድ ማከማቻና የሙከራ ሥርዓት ላይ እየሠራ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት አታስቀይሩት። መሣሪያ ሲማር ያጠፋው ጊዜ ከሥራው ላይ የሚቀነስ ነው።

ደንብን ሁሉ በአንድ ቀን መስጠት። የማኅበረሰባችሁ ደንብ ለብዙ መቶ ሰዎች የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሰው የሚያስፈልጉት የፈቃድ፣ የሥነ ምግባርና የደኅንነት ሪፖርት አቀራረብ ደንቦች ናቸው፤ ሌላው ይቆይ።

የተሻለ አድርጎ እንደ አዲስ መጻፍ። ልምድ ያለው አባል የትንሹን ፕሮጀክት ኮድ አይቶ በሁለት ቀን ውስጥ ከባዶ ቢጽፈው ኮዱ ምናልባት ይሻል ይሆናል፤ ሠሪዎቹ ግን የማያውቁት ኮድ ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይሄዳሉ።

ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠር። ለሦስት ሳምንት መልስ ካልመጣ፣ በይፋው መነጋገሪያ ላይ ማስታወሻ ከመደርደር ይልቅ አማካሪው ለሰውየው በግል ይጻፍለት፦ ምን እንደከበደው ይጠይቀው፣ ከተሰጡት ሥራዎች ሁለቱን አንስቶ አንዱን ብቻ ይተውለት፣ የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ሰውየው ራሱ እንዲመርጥ ያድርግ።